በመብራት ቢል በኩል በስማችሁ የተቀመጠ ገንዘብ፦ ካፒታል ክሬዲትን የመከታተያ ዝርዝር መመሪያ

ቨርጂኒያ ውስጥ ከአሌክሳንድሪያ ወጥቶ ጌንስቪል ወይም ሄይማርኬት ቤት የገዛ ሰው ብዙ ነገር ይቀየርበታል። መንገዱ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ የካውንቲው ታክስ። የመብራት ቢሉ ላይ ያለው ስምም ሊቀየር ይችላል። ድሮ ዶሚኒየን ነበር፣ አሁን ኖቬክ ይላል። አብዛኛው ሰው «ኩባንያው ተቀየረ» ብሎ ያልፈዋል።

ልዩነቱ ግን ከስም በላይ ነው። ዶሚኒየን የባለአክሲዮኖች ኩባንያ ነው። ትርፉ አክሲዮን ለገዙት ይሄዳል። ኖቬክ ደግሞ የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው፣ በአጭሩ ኮኦፕ። ባለቤቶቹ መብራት የሚጠቀሙት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። ዓመቱ ሲዘጋ ከወጪ የተረፈው ገንዘብ በእያንዳንዱ አባል ስም ይመዘገባል። ጊዜው ሲደርስ ይመለሳል። ይህ ገንዘብ ካፒታል ክሬዲት ይባላል።

አሜሪካ ውስጥ የእኛ ሰው ቶሎ ቶሎ ቤት ይቀይራል። ከአፓርታማ ወደ ታውንሃውስ፣ ከታውንሃውስ ወደ ራሱ ቤት፣ ሲያሻው ወደ ሌላ ስቴት። ካፒታል ክሬዲት ደግሞ በዓመታት ነው የሚመለሰው። ቼኩ ሲላክ ሰውየው አድራሻው ላይ የለም። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። የላባችሁ ገንዘብ በአድራሻ ለውጥ ብቻ መጥፋት የለበትም። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

በ1930ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ገጠር ውስጥ ከ10 ቤት 9ኙ መብራት አልነበረውም። ኩባንያዎቹ ለተራራቁ የገበሬ ቤቶች ምሰሶ መትከል አያዋጣም አሉ። ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት በሜይ 1935 የገጠር ኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት አቋቋሙ። በዓመቱ፣ በ1936፣ ሕግ ወጣለት። መንግሥት በዝቅተኛ ወለድ ብድር ሰጠ፣ ገበሬዎቹም ማኅበር እየመሠረቱ መስመሩን ራሳቸው ዘረጉ። በብዙ ቦታ የአባልነት መዋጮው 5 ዶላር ነበር።

ዛሬ ወደ 900 የሚጠጉ የመብራት ኮኦፖች አሉ። በ48 ስቴቶች ወደ 42 ሚሊዮን ሰው ያገለግላሉ። መስመራቸው ከአገሪቱ ቆዳ ስፋት ከግማሽ በላይ ይሸፍናል። የገበሬ ማኅበር እኛን ምን ያገናኘዋል የሚል ካለ፣ መልሱ ከቤት ዋጋ ጋር የተያያዘ ነው። ከተማው ሲወደድ ሰው ወደ ዳር ወጣ። ያ ዳር ትናንት የእርሻ መሬት ነበር። እርሻው ተቆርሶ ቤት ተሠራበት፣ የመብራት መስመሩ ግን የኮኦፑ እንደሆነ ቀረ።

ኮኦፑ ዓመቱን ሙሉ ከአባላት ቢል ይሰበስባል። መብራት ከአምራች ይገዛል፣ ሠራተኛ ይከፍላል፣ የወደቀ ምሰሶ ያነሳል፣ የብድር ወለድ ይከፍላል። የሚተርፈው ገንዘብ ማርጂን ይባላል። ገንዘቡ ለአባላቱ የሚከፋፈለው በተጠቀሙት ልክ ነው። አገር ቤት የገበሬ ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል የነበረ ሰው ይህን ያውቀዋል። ብዙ ቡና ያስረከበ ብዙ የትርፍ ድርሻ ይደርሰዋል። እዚህ ደግሞ ብዙ መብራት የገዛ ብዙ ይመዘገብለታል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ገንዘቡ በስማችሁ ተመዘገበ ማለት በእጃችሁ ገባ ማለት አይደለም። ኮኦፑ ለጊዜው ይይዘዋል። ትራንስፎርመር ይገዛበታል፣ አዲስ መስመር ይዘረጋበታል። ያ ገንዘብ ባይኖር ኖሮ ሁሉንም በብድር ነበር የሚሠራው፣ የብድሩ ወለድ ደግሞ ተመልሶ ቢላችሁ ላይ ይመጣል። እስኪመለስ ድረስ ወለድ አይታሰብለትም። በፈለጋችሁበት ቀን ልታወጡት ወይም የዚህን ወር ቢል ልትከፍሉበት አትችሉም።

ደረጃ 1፦ የምትከፍሉት ለኮኦፕ መሆኑን አረጋግጡ

ቢላችሁን አውጡና የድርጅቱን ስም እዩ። «ኮኦፐሬቲቭ» የሚል ቃል ካለበት ነገሩ አለቀ። ጆርጂያ ውስጥ ምልክቱ «ኢኤምሲ» የሚሉት ሦስት ፊደላት ናቸው፣ እዚያ የመብራት ኮኦፕ የሚጠራበት አጭር ስም ነው። ሎረንስቪል አካባቢ ጃክሰን ኢኤምሲ፣ ስኔልቪልና ሎጋንቪል አካባቢ ዋልተን ኢኤምሲ፣ ኮቪንግተን አካባቢ ስናፒንግ ሾልስ ኢኤምሲ አሉ። ደቡብ ሜሪላንድ፣ ዋልዶርፍና አካባቢው፣ ስሜኮ ነው።

ሁሉም ስም ግን እንዲህ ግልጽ አይደለም። ዳላስ አካባቢ ፍሪስኮና ሊትል ኤልም ላይ ያለው ኮሰርቭ ኮኦፕ ነው። ሚኒሶታ ያለው ኮኔክሰስ ኢነርጂም፣ ኮሎራዶ ያሉት ዩናይትድ ፓወርና ኮር ኤሌክትሪክም ኮኦፕ ናቸው።

ፔፕኮ፣ ጆርጂያ ፓወር፣ ኤክስሴል ኢነርጂ ግን የባለአክሲዮን ኩባንያዎች ናቸው። የሲያትል ሲቲ ላይት የከተማው ነው። የማናሳስ ከተማም የራሱ የመብራት ድርጅት አለው። ከእነዚህ ካፒታል ክሬዲት አይጠበቅም። አንድ ዚፕ ኮድ ውስጥ ሁለት ድርጅት ሊኖር ስለሚችል የጎረቤት ቃል አይበቃም። መንገድ ተሻግሮ ያለው ቤት ሌላ ድርጅት ሊሆን ይችላል።

ቴክሳስ ያላችሁ ሌላም መለያ አላችሁ። የመብራት ሻጭ እያወዳደራችሁ የምትመርጡ ከሆነ ኮኦፕ ውስጥ አይደላችሁም ማለት ይቻላል። ከጥቂቶች በስተቀር የቴክሳስ ኮኦፖች ወደዚያ ገበያ አልገቡም። በየትኛውም ስቴት ደግሞ ጥሩ ምልክት አንድ አለ፦ የቦርድ አባል እንድትመርጡ የድምፅ መስጫ የሚልክላችሁ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ ኮኦፕ ነው።

ደረጃ 2፦ አካውንቱ በማን ስም ነው?

ካፒታል ክሬዲት የሚመዘገበው አካውንቱን በከፈተው አባል ስም ነው። ቤቱ የማን ነው የሚለው አይታይም። ተከራይም ብትሆኑ ቢሉ በስማችሁ ከሆነ አባል እናንተ ናችሁ። አከራዩ በራሱ ስም እየከፈለ ከኪራይ ጋር የሚቀበላችሁ ከሆነ ግን የሚመዘገበው ለእርሱ ነው። ቤት ስትሸጡም ያለፉት ዓመታት ገንዘብ ለገዢው አይተላለፍም። የእናንተው ነው።

ባልና ሚስት ከሆናችሁ አንድ ነገር ዛሬውኑ ጠይቁ፦ አባልነቱ የአንድ ሰው ነው ወይስ የጋራ? ብዙ ኮኦፖች የጋራ አባልነት ይፈቅዳሉ። አካውንቱን የከፈተው አንዱ ብቻ ከሆነ፣ ፍቺ ወይም ሞት ሲመጣ ሌላው ወረቀት ፍለጋ ይንከራተታል። ይህን የሚያስቀር ቅጽ ለመሙላት ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

ደረጃ 3፦ ዓመታዊውን ማስታወቂያ አንብቡ

የዓመቱ ሒሳብ ተመርምሮ ከተዘጋ በኋላ ኮኦፑ የየአባሉን ድርሻ ያሳውቃል። አንዳንዱ በደብዳቤ፣ አንዳንዱ ከቢሉ ጋር፣ አንዳንዱ ኦንላይን አካውንታችሁ ላይ ብቻ። ማስታወቂያው ላይ የሚለዩ ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንዱ አሎኬሽን ነው፣ በስማችሁ የተመዘገበው። ሁለተኛው ሪታየርመንት ነው፣ ዘንድሮ በእርግጥ የሚከፈላችሁ። የመጀመሪያውን ቁጥር አይቶ ቼክ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው።

ስሌቱን በምሳሌ እንየው። ቁጥሮቹን ለማስረዳት የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። አንድ ኮኦፕ በዓመት 100 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰበ እንበል። ወጪው 94 ሚሊዮን ሆነ። 6 ሚሊዮን ተረፈ፣ ማለትም ከሰበሰበው 6 በመቶ። እናንተ በዓመቱ 2,400 ዶላር ከፍላችሁ ከሆነ 6 በመቶው 144 ዶላር ነው። ማስታወቂያው ላይ የሚወጣው ይህ ነው። እዚያ ቤት 9 ዓመት ብትኖሩና በየዓመቱ ተመሳሳይ ቢሆን 1,296 ዶላር ይጠራቀማል።

ቁጥሩ ከጠበቃችሁት ካነሰ ወዲያው አትደንግጡ። ቢሉ ውስጥ ያለው የመንግሥት ታክስ ብዙውን ጊዜ አይቆጠርም። አንዳንድ ኮኦፖችም በዶላር ፈንታ በኪሎዋት ሰዓት ያሰላሉ፣ ወይም የመኖሪያ ቤቶችንና የፋብሪካዎችን ድርሻ ለየብቻ ይቀምራሉ። የትኛውን እንደሚከተል መተዳደሪያ ደንቡ ላይ ተጽፏል።

አንዳንዴ ማስታወቂያው ላይ ሌላ መስመር ይታያል፣ የመብራት አምራቹ ድርሻ የሚል። ቤታችሁ መብራት የሚያመጣው ኮኦፕ ራሱ የሌላ ትልቅ አምራች ኮኦፕ አባል ሊሆን ይችላል። ጆርጂያ ውስጥ ኦግልቶርፕ ፓወር የ38 ኢኤምሲዎች ንብረት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ኦልድ ዶሚኒየን ኤሌክትሪክ ኮኦፐሬቲቭ የሚባል አለ፤ ከዶሚኒየን ኩባንያ ጋር እንዳታምታቱት። አምራቹም የተረፈውን ለአባል ኮኦፖቹ ይመዘግባል፣ እነርሱም ወደ እናንተ ያወርዱታል። ግን አምራቹ ጥሬ ገንዘቡን እስኪለቅ ድረስ የእናንተ ኮኦፕም የሚከፍለው የለውም። ስለዚህ ይህኛው መስመር ከሌላው ዘግይቶ ሊመለስ ይችላል።

በየዓመቱ ማስታወቂያውን በስልካችሁ ፎቶ አንሱና የታክስ ወረቀት በምታስቀምጡበት ቦታ አስቀምጡ። የአባልነት ቁጥሩና የአካውንት ቁጥሩ በግልጽ ይታይ። ከ15 ዓመት በኋላ ስትደውሉ ሥራውን የሚያቀሉላችሁ እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ናቸው።

ደረጃ 4፦ መቼ እንደሚመለስ እወቁ

የሚመለስበትን ጊዜና መጠን የሚወስነው አባላት የመረጡት ቦርድ ነው። በየዓመቱ የመመለስ ግዴታ የለበትም። ዐውሎ ነፋስ ምሰሶዎቹን የጣለበት ዓመት ከሆነ ሊዘለው ይችላል።

ገንዘቡ የሚመለስበት መንገድ ከኮኦፕ ኮኦፕ ይለያያል። የቆየው ልማድ የጥንቱን ማስቀደም ነው። ኮኦፑ የ20 ዓመት ዙር ካለው በ2024 የተመዘገበው በ2044 አካባቢ ይመለሳል። ለቆየ አባል ይህ ፍትሐዊ ነው። አምና ቤት ለገዛ ሰው ግን ረጅም ጥበቃ ነው። ሌሎች ቀላቅለው ይመልሳሉ፣ ከጥንቱ የተወሰነ፣ ካለፈው ዓመትም የተወሰነ። እንዲህ ሲሆን አዲሱ አባልም ቶሎ የተወሰነ ነገር ያያል። በእኔ አስተያየት ሰው ቶሎ ቶሎ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰፈር የሚሻለው ይህ ነው፤ አባሉ እዚያው እያለ የተወሰነው ድርሻው እጁ ይገባልና። ከአጠቃላይ ቀሪው ላይ በየዓመቱ ጥቂት በመቶ ለሁሉም የሚመልሱም አሉ።

ቦርዱ እጁ የሚታሰርበት ምክንያት ደግሞ አለ። ብዙ ኮኦፖች በግብርና ሚኒስቴር ሥር ካለው የገጠር አገልግሎት መሥሪያ ቤት ተበድረዋል። የብድር ውሉ ገደብ ያስቀምጣል። በጥቅሉ ኮኦፑ ከከፈለ በኋላ የራሱ ካፒታል (በብድር ያልተሸፈነው የንብረቱ ክፍል) ከጠቅላላ ንብረቱ 30 በመቶ በታች የሚወርድ ከሆነ፣ የሚመልሰው መጠን ይገደባል ወይም የአበዳሪውን ፈቃድ ይጠይቃል። ኮኦፑ «ዘንድሮ አንመልስም» ሲላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን መቶኛ ነው።

አሁንም አባል ለሆነ ሰው ገንዘቡ ብዙ ጊዜ ከቢሉ ላይ ተቀንሶ ይታያል። ለቆ ለሄደ ሰው ቼክ ይላካል። ትንሽ መጠን ከሆነ ኮኦፑ ቼክ አይጽፍም፤ እስኪጠራቀም ይይዘዋል። የዝቅተኛውን ወሰን ጠይቁ። ያልተከፈለ የድሮ ቢል ካለባችሁም መጀመሪያ እርሱን ያወራርዱበታል።

ደረጃ 5፦ ቤት ስትለቁ

ከዚህ መመሪያ አንዱን ደረጃ ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ገንዘቡ የሚጠፋው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

መብራት ለማስቆረጥ ስትደውሉ ሠራተኛው የመጨረሻውን ቢል የት እንደሚልክ ይጠይቃችኋል። እናንተም አዲሱን አድራሻ ትሰጣላችሁ። ያ አድራሻ ግን ለመጨረሻው ቢል ብቻ የሚያገለግል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እንዲህ በሉ፦ «ለወደፊት የካፒታል ክሬዲት ክፍያ የሚሆን ቋሚ አድራሻ መመዝገብ እፈልጋለሁ። እስካሁን በስሜ ያለው ቀሪ ስንት ነው? በየዓመቱ ተዘርዝሮ በኢሜይል ይላክልኝ።» ሠራተኛው ካልገባው የአባላት አገልግሎት ክፍል እንዲያገናኛችሁ ጠይቁ። ዝርዝሩ ሲደርሳችሁ ከያዛችኋቸው ፎቶዎች ጋር አስተያዩ።

ዲፖዚትና ካፒታል ክሬዲት የተለያዩ ናቸው። አካውንት ስትከፍቱ ያስያዛችሁት ገንዘብ ስትለቁ ከመጨረሻው ቢል ጋር ይታሰባል ወይም ይመለሳል። ካፒታል ክሬዲቱ ግን ተራውን ጠብቆ ነው የሚመጣው። «ዲፖዚትህ ተመልሷል» ስትባሉ ሁሉም ነገር አልቋል ብላችሁ ስልኩን አትዝጉ።

የፖስታ ቤት የአድራሻ ማስተላለፊያም አይበቃም። እርሱ ለአጭር ጊዜ ነው፣ ይህ ደግሞ ለብዙ ዓመት። ከዚያ በኋላም ቤት በቀየራችሁ ቁጥር ባንካችሁን እንደምታሳውቁት የድሮውን ኮኦፕ አሳውቁ። ወደ ኢትዮጵያ ጠቅልላችሁ የምትገቡ ከሆነ አሜሪካ የሚቆይ የምታምኑትን ዘመድ አድራሻ ስጡ፣ ቼኩ ግን በስማችሁ እንደሚወጣ አስታውሱ። የአሜሪካ የባንክ አካውንታችሁን ሳትዘጉ ብታቆዩት መልካም ነው።

ደረጃ 6፦ የድሮውን ገንዘብ ፈልጉ

ከ10 ወይም ከ20 ዓመት በፊት የኮኦፕ አካባቢ ኖራችሁ ከነበረ ፍለጋ መጀመር ትችላላችሁ። ብዙ ኮኦፖች ባለቤቱ ያልተገኘ ገንዘብ የስም ዝርዝር ድረ ገጻቸው ላይ ያወጣሉ። ቀጥሎ የስቴቱን የጠፋ ገንዘብ መፈለጊያ እዩ። ሚሲንግመኒ ዶት ኮም የብዙ ስቴቶችን መዝገብ በአንድ ላይ ያሳያል። ፍለጋው በነጻ ነው። የምትፈልጉት አሁን የምትኖሩበትን ስቴት ሳይሆን ያኔ የኖራችሁበትን ነው።

ስማችን ግን ለዚህ ፍለጋ ፈታኝ ነው። ፀሐይ የምትባል ሴት ስሟ በቲ፣ በኤስ ወይም በሁለቱም ተጀምሮ ሊጻፍ ይችላል። ዮሐንስ በዋይ ወይም በጄ ይጀምራል። ገብረ ሥላሴ አንዴ አንድ ቃል ነው፣ አንዴ ሁለት። ሁለት ከሆነ ኮምፒውተሩ «ገብረ»ን የመካከል ስም፣ «ሥላሴ»ን የቤተሰብ ስም አድርጎ ሊይዘው ይችላል። ወልደ ማርያም፣ ኃይለ ሚካኤል፣ ተክለ ሃይማኖትም እንደዚሁ። የራስና የአባት ስም ተገላብጦ የተመዘገበበትም አለ። አንዳንዶች ዜግነት ሲያገኙ የባላቸውን ስም ይይዛሉ ወይም ስማቸውን ያሳጥራሉ። ስለዚህ በአንድ አጻጻፍ ፈልጋችሁ «የለም» ብላችሁ አትተዉ። በወረቀት ላይ የስማችሁን አጻጻፎች ሁሉ ዘርዝሩ፣ የድሮ መንጃ ፈቃድና የድሮ የኪራይ ውል አውጡ፣ አንድ በአንድ ሞክሩ። በአያት ስምም ሞክሩ።

ካገኛችሁት ማንነታችሁንና ያኔ እዚያ አድራሻ ላይ መኖራችሁን የሚያሳይ ወረቀት ይጠይቋችኋል። የድሮ ቢል፣ የባንክ መግለጫ ወይም የታክስ ወረቀት ይረዳል። የስም ለውጥ ካለ የዜግነት ወይም የጋብቻ ወረቀት ጨምሩ።

ጊዜ ግን አለው። ጠያቂ ያጣ ገንዘብ ምን እንደሚሆን የየስቴቱ ሕግ ይለያያል። በአንዳንዱ ስቴት ገንዘቡ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ይተላለፋልና ዘግይታችሁም ብትጠይቁ ይሰጣችኋል። በሌላው ኮኦፑ አስታውቆ ከጠበቀ በኋላ ለትምህርት ዕድልና ለበጎ አድራጎት እንዲያውለው ይፈቀድለታል። ገንዘባችሁ እዚያ ሳይደርስ ብታገኙት ይሻላል።

«ገንዘብ አግኝተንልዎታል፣ ድርሻ ይክፈሉን» ብለው የሚጽፉ ሰዎች ይኖራሉ። ራሳችሁ በነጻ ልትጨርሱት የምትችሉት ነው። ስልክ ደውሎ የባንክ ቁጥርና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሚጠይቅ ካለ ደግሞ ዝጉና ቢላችሁ ላይ ባለው የኮኦፑ ስልክ ራሳችሁ ደውሉ።

ደረጃ 7፦ አባሉ ካረፈ

ሰው ሲሞት ካፒታል ክሬዲቱ አይሞትም። ለወራሾች ነው። ብዙ ኮኦፖች ተራውን ሳይጠብቁ ለወራሾች ቀድመው ይከፍላሉ። ችግሩ ቤተሰቡ ገንዘቡ መኖሩን አለማወቁ ነው። በኀዘኑ ሰሞን ባንኩን፣ ኢንሹራንሱን፣ መኪናውን ያስባል። የመብራት ቢሉን የሚያስበው ለማስቆረጥ ብቻ ነው።

ቀድሞ መቀበል ግን ዋጋ አለው። ኮኦፑ ከዓመታት በኋላ የሚከፍለውን ዛሬ ሲከፍል ቅናሽ ያደርግበታል። ለምሳሌ 15 ዓመት የቀረው 1,000 ዶላር በ5 በመቶ ቅናሽ ሲሰላ ዛሬ 481 ዶላር ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ሁለቱንም ቁጥር በጽሑፍ ጠይቁ፣ ዛሬ ብንወስድ ስንት ነው፣ ተራውን ብንጠብቅ ስንት ነው። ብዙ ኮኦፕ ምርጫውን ለወራሾች ይተዋል። ወራሾቹ ብዙ ከሆኑ ወይም ገሚሶቹ አገር ቤት ካሉ፣ እኔ ብሆን ዛሬውኑ መውሰዱን እመርጣለሁ። ከ15 ዓመት በኋላ ሁሉንም በአድራሻቸው ማግኘት ከባድ ነው። ወራሹ አንድ ከሆነና የማይቸኩል ከሆነ ግን መጠበቁ ያዋጣል።

ወረቀቱን በተመለከተ የሞት ምስክር ወረቀትና የውርስ አጣሪነት ማስረጃ ይጠየቃል። ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ በአብዛኛው ስቴት ረጅሙ የፍርድ ቤት ሂደት ቀርቶ ቃለ መሐላ የተፈጸመበት አጭር ቅጽ ይበቃል። ወራሹ ኢትዮጵያ ከሆነ ውክልና ከመላኩ በፊት ኮኦፑ ምን ዓይነት ውክልና እንደሚቀበል ጠይቁ። መጀመሪያ አሠርቶ ኋላ «ይህ አይሆንም» መባል ገንዘብም ጊዜም ይበላል።

ደረጃ 8፦ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ ሬስቶራንት

አባልነት የግለሰብ ብቻ አይደለም። ከከተማ ዳር ሕንፃ የገዛ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ቢሉ በድርጅቱ ስም ከሆነ አባል ነው። ሰፊ አዳራሽ የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ ሕንፃ ከአንድ ቤተሰብ ብዙ እጥፍ መብራት ይጠቀማል። የሚመዘገብለትም በዚያው ልክ ነው። ኮሚቴ ግን በየጥቂት ዓመቱ ይቀየራል። ካፒታል ክሬዲቱን ከአንዱ ሒሳብ ሹም ወደ ሌላው የሚያሻግረው ሰነድ ካልኖረ ይረሳል። የአባልነት ቁጥሩና የቀሪው መጠን በርክክብ ሰነዱ ላይ እንደ ባንክ ሒሳቡ ሁሉ ይግባ። አድራሻውም የአንድ ሰው ቤት ሳይሆን የድርጅቱ ይሁን።

ሬስቶራንት ወይም ግሮሰሪ ያላችሁ ደግሞ ሱቁን ስትሸጡ ውሉ ላይ ካፒታል ክሬዲቱ የማን እንደሆነ ጻፉ። ኩባንያውን የምትዘጉት ከሆነ ከመዝጋታችሁ በፊት ገንዘቡ ወደ ማን እንደሚዞር ኮኦፑን ጠይቁ።

ታክስ ላይ ለመኖሪያ ቤታችሁ የከፈላችሁት መብራት ሲመለስ በአብዛኛው እንደ ገቢ አይቆጠርም። የራሳችሁ ወጪ ነው የተመለሰው። ንግድ ላይ ግን የመብራቱን ወጪ ከታክስ አስቀንሳችሁ ከነበረ፣ ሲመለስ ገቢ ብላችሁ ማስመዝገብ አለባችሁ። ለሒሳብ ሠራተኛችሁ ንገሩት።

ደረጃ 9፦ ጉባኤው ላይ ጠይቁ

በኮኦፕ አንድ አባል አንድ ድምፅ አለው። ትልቅ ፋብሪካም እናንተም ድምፃችሁ እኩል ነው። ስንት እንደሚመለስ የሚወስነው ቦርድ በዚህ ድምፅ ነው የሚመረጠው። የአባላት ጉባኤ ላይ ግን ከአባላቱ ጥቂቱ ብቻ ነው የሚገኘው።

አባላት ሲነቁ ምን እንደሚሆን ቴክሳስ ታይቷል። ፔደርናሌስ ኤሌክትሪክ ኮኦፐሬቲቭ በ1938 የተቋቋመ፣ ከአገሪቱ የመብራት ኮኦፖች ትልቁ ነው። በ2007 አባላቱ አመራሩን ከሰሱ። ከጥያቄዎቻቸው አንዱ ካፒታል ክሬዲት የማይመለሰው ለምንድን ነው የሚል ነበር። በ2008 ጉዳዩ በስምምነት ሲያልቅ ገንዘብ ለአባላት እንዲመለስ ተወሰነ፣ የቦርዱ ምርጫም ለአባላት ክፍት ሆነ።

እናንተም ከጉባኤው ሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት ጥያቄያችሁን በኢሜይል ላኩ። የምትጠይቁት የገንዘብ መመለሻው ዙር ስንት ዓመት እንደሆነ፣ የራሱ ካፒታል ከጠቅላላ ንብረቱ ስንት በመቶ እንደሆነ፣ ለወራሾች የሚጠቀምበት የቅናሽ መጠን ስንት እንደሆነ፣ ጠያቂ ያጣው ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለ ነው። መተዳደሪያ ደንቡንም አብራችሁ ጠይቁ፤ አባል ስለሆናችሁ ሊሰጣችሁ ይገባል። በአንድ ሰፈር የምትኖሩ ሐበሾች ብዙ ከሆናችሁ ተነጋግራችሁ አብራችሁ ሂዱ። መሄድ ካልቻላችሁ ብዙ ኮኦፖች በፖስታ ወይም በኦንላይን ድምፅ ይቀበላሉ፣ የመጨረሻው ቀን ከድምፅ መስጫው ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ተጽፏል።